የሦስት ወር ስኳር

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ቡሬ ገበያ ላይ ውሃ የተረጨበትን በርበሬ እጄን ከጆንያው መሀል ሰድጄ አውቀዋለሁ፤ ላዩማ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። የገዛ ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼን፣ ግን እንደዚያ አልመረመርኳቸውም።

ጋሼ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። ክኒኑን ትተው በየዓርቡ ክሊኒክ ሄደው ጣታቸውን እየተወጉ ይለኩ ነበር። ዓርብ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ስምንት ሰዓት ላይ ሲለኩ ቁጥሩ ደህና ይሆናል። "ለቀቀኝ እኮ!" ይሉና ቅዳሜ በጠላና በማር ያካክሳሉ። ክሊኒኩም ለክቶ መሸኘት ነው እንጂ "እስቲ ቅዳሜ ይምጡ" ያላቸው የለም። የማደርሳቸው ደግሞ እኔው ነኝ፤ ዓርብ ይመቸኛል።

አንድ ዓርብ የመኪናዬ ጋቢና ሸተተኝ። የሞተ አይጥ መስሎኝ ወንበሩን ሁሉ ፈተሽኩ። ሽታው ከጋሼ ካልሲ ነበር።

በቀጥታ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የላቦራቶሪዋ ልጅ ከጣታቸው ሳይሆን ከክንዳቸው ደም ቀዳች።

"ጾመኛ ነኝ፤ ምንም አታገኚበትም" አሏት።

"አባቴ፣ ይሄ ምርመራ የዛሬውን አይጠይቅም።"

ስኳሩ ደምን ቀይ በሚያደርገው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል አለች። አንዴ ከተለጠፈ ሦስት ወር ያህል፣ የደም ሕዋሱ እስኪሞት፣ አብሮት ይዞራል። ማሽኑ ስኳር የያዘውን ካልያዘው ይለይና ከመቶ ስንቱ እንደሆነ ይናገራል።

"ቂመኛ ማሽን ነው በይኛ!" አሉ ጋሼ።

ውጤቱን ይዛ ስትመጣ አልሳቀችም፤ ሦስቱን ወር ሙሉ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ከርሟል። ዶክተሩ ካልሲውን እንዳወልቅላቸው አዘዘኝ። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፤ ሲላቀቅ አብሮት የመጣውን አልጽፈውም። አፍንጫዬን ያዝኩ። ጋሼ አዩኝ።

"በርበሬ ያላስያዘህን አፍንጫ እኔ አስያዝኩህ?"

እጄን ከአፍንጫዬ አውርጄ እግራቸውን ያዝኩላቸው።

የእግራቸው ትልቁ ጣት ይቆረጣል፣ መድኃኒቱ ዛሬ ከተጀመረ እግሩ ይተርፋል አለ ዶክተሩ።

"እስከ ዓርብ ልየው" አሉ።

"ዓርብ ይቅርብን ጋሼ። በዓርብ እኮ አብረን ነው ራሳችንን ያታለልነው።"

የስምምነቱን ወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

እግሩ ተረፈ። የሆስፒታሉ ሰዎች የተቆረጠውን ጣት በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ።

"ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቅበርልኝ" አሉኝ ከአልጋቸው ላይ፤ "ኋላ የቀረሁት ስመጣ እንዳንፈላለግ።"