ስም የማይሰጠው ዴልማር

ዴልማር ከኮረብታው ወርዶ ሆስፒታል የገባው እየተሳደበ ነበር። ካንሰሩ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። እሱን የሚያናድደው ግን ሞቱ ሳይሆን የሾርባው ቅጥነት ነበር። ሚስቱ ሎርና በበኩሏ ስለ አንድ ነገር ታመሰግን ነበር፤ የካናቢስ ቅጠሉ እዚያም ተፈቅዶለታል።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በሰሜን ካሊፎርኒያ ጫካ ውስጥ ካናቢስ ሲያበቅል የኖረ ነው። የፖሊስ ሄሊኮፕተር ሲያንዣብብ ከዛፍ ሥር ተለጥፎ ማደር ለምዷል። አንድ ጊዜ ተይዞ "አብሮህ የሚሠራው ማነው?" ሲሉት "ፈጣሪና ዝናብ" ብሎ አሹፎባቸው፣ አንድም ስም ሳይተነፍስ እስሩን ጨርሶ ወጣ። በዚያ ኮረብታ ሰው የሚከበረው በዚህ ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን የአባት ስም አይጠይቅም። ልጆችም ትምህርት ቤት የአባታቸውን ሥራ ሲጠየቁ "አናጢ ነው" እንዲሉ ይሠለጥኑ ነበር። የዴልማር አንድያ ልጅ ጁኒፐር ይህን ስትል አድጋ፣ ውሸቱ ሲያንገሸግሻት ገና በልጅነቷ ጥላቸው ሄደች። ከእናቷ ጋር በስልክ ይገናኛሉ። ከአባቷ ጋር ግን እንደተኳረፉ ቀሩ።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠና ቅጠሉ በአደባባይ በሱቅ ይሸጥ ጀመር። ትናንት ያሳድዱት የነበሩት ዛሬ ግብር ይሰበስቡበታል። ዴልማር ግን አልተለወጠም።

በሆስፒታሉ ደንብ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከቅጠሉ የተጨመቀውን ጠብታ ከምላስ ሥር መውሰድ ግን ይቻላል። የጠብታው ብልቃጥ አልጋው አጠገብ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጣል። ሠራተኞቹ አይነኩትም፤ ከፍቶ የሚሰጠው በሽተኛው ያስመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ነርሷ ማሪቴስ ሁለት ቁልፍ ይዛ መጣች።

"አንዱ ለሚስትዎ። ሁለተኛውን ለማን ልስጥ?"

"ለማንም።"

"ልጅ የለዎትም?"

"የለኝም።"

ሎርና ደነገጠች፤ ግን እሷም የኮረብታው ሰው ናትና አላረመችውም። ነርሷ ስትወጣ ዴልማር "የልጄን ስም ለመንግሥት መዝገብ? በሕይወት እያለሁ አይሆንም!" አለ። ሁለቱም ቁልፍ ሎርና አንገት ላይ ገባ።

ሐኪሞቹ የሚሰጡት የሞርፊን መርፌ ሕመሙን ሲያጠፋ እሱንም አብሮ ያጠፋዋል፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ጠብታው ግን ሕመሙን አስታግሶለት፣ ሲሳደብና ሲቀልድ ይውላል። ይህን ያየች ሎርና ለልጇ ደወለች። "አባትሽ ነቅቷል። አሁን ካልመጣሽ መቼም አትደርሺም" አለቻት። ጁኒፐር እሺ አለች። ዴልማር ሲነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና "ፂሜን ላጪኝ" አለ።

ልጅቱ በምትገባበት ዋዜማ ሎርና ፍየሎቿን ልትመግብ ወደ ቤቷ ወጣች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ተራራውን ንዶ መንገዱን ዘጋው፤ ሁለቱም ቁልፍ እሷ ጋ ቀረ። ጠዋት ስልኩን አንስታ ማሪቴስን ለመነች።

"ልጄ ዛሬ ትመጣለች። እባክሽ ሣጥኑን ስበሪና ጠብታውን ስጪው!"

"ልጅ? የለኝም ብለውኝ እኮ ነው! ሎርና፣ ያንን ሣጥን ከነካሁ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።"

"እሷን መዝግቢያትና እሷ ትስጠው።"

"ሐኪሙ ካልፈረመ አይሆንም፤ እሱ ደግሞ ሰኞ ነው የሚገባው። መርፌ ልወጋዎት ብላቸው 'ሰው ይመጣል' ብለው እንቢ አሉኝ። ማነው ስላቸው አይነግሩኝም።"

ከስልኩ ወዲያ ማዶ ዴልማር ሲያቃስት ሎርና ሰማችው። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ መንገዱን ከሚጠርጉት ሰዎች አጠገብ ቆማ ዋለች። ልርዳችሁ ብላ አካፋ ስትይዝ "ዞር በይ፣ እናቴ" አሏት።

መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ። ዴልማር ጎህ ሲቀድ ሞቷል። ሎርና ስትደርስ ጁኒፐርን ኮቷን እንደለበሰች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። የልጇ ፀጉር ሸብቷል።

"መርፌውን ስጡት ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማ። አንሶላውን ነክሶ ነበር።"

"ደግ አደረግሽ።"

"መጀመሪያማ ሣጥኑን ልሰብር ነበር። ጠባቂ ጠሩብኝ። ዩኒፎርም የለበሰ ግንድ የሚያህል ሰው። ልጁ ነኝ ስለው መዝገቡ ላይ ልጅ የለውም አለኝ። 'ራሱን ጠይቀው!' አልኩት።"

ሎርና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አባባ ነቅቶ ነበር። በደንብ አየኝ። ከዚያ የሰውየውን ዩኒፎርም አየ። 'ልጅዎ ናት?' ሲለው 'በሕይወቴ አይቻት አላውቅም' አለ።" ጁኒፐር አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሲያስወጡኝ ከበሩ ላይ ሆኜ መርፌውን ስጡት ብዬ ጮህኩ። ኋላ ነርሷ ስታስገባኝ ተኝቷል። በቃ፣ አልነቃም።"

"ሊያተርፍሽ እኮ ነው!" አለች ሎርና ክንዷን ይዛ። "ዩኒፎርሙን አይቶ ነው! ከማንም በላይ ስለሚወድሽ ነው!"

"ከማን ሊያተርፈኝ፣ እማ? ሃምሳ ዓመቴ ነው። የሕፃናት መዋያ ነው የምሠራው።"

ሎርና ደግማ ደጋግማ፣ እየማለች፣ ምን ያህል ይወዳት እንደነበር ነገረቻት። ጁኒፐር እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

"ይሆናል" አለች ቦርሳዋን እያነሳች። "እኔ ግን ያየሁት ፊቱን ነው።"