ባቄላው ለእኔ የደረሰ ዕለት

ክፍሉ እስር ቤት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ድሮ የቡና ጆንያ የሚከመርበት ዕቃ ቤት ነበር፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ፊቴን የመታኝ የጆንያና የሻጋታ ሽታ ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ጭቃው ተቦርቡሮ በወደቀበት በኩል ጥቂት ብርሃን ይገባል። መሬቱ ላይ አንድ ሰሌን ተዘርግቷል፤ ሰሌኑ ላይ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ተጋድማለች። ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችንና፣

«ሠርግ ላይ ነበራችሁ እንዴ?» አለች።

ብትጠይቅ አይፈረድባትም። አብራኝ የተያዘችው ልጅ ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። እኔም ለክት የማስቀምጠውን ነጠላ ደርቤ ነበር። ከበዓል ላይ ነው ያነሱን።

እኔ በቦንጋ ገበያ ኮረሪማና ማር የምነግድ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሴት ልጄ ጅቡቲ አግብታ ትኖራለች። ስደውል ስልኩን የሚያነሱት ልጆቿ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፈረንሳይኛና የአባታቸውን ቋንቋ እንጂ አማርኛም ካፊኖኖም አይሰሙም። «አያታችሁ ነኝ» እላለሁ። ይስቁና ይዘጉታል። ይሄ ነገር አልዋጥልኝ አለ። የልጄ ልጆች እንዴት እንደ ባዕድ ስልክ ይዘጉብኛል?

በዚያው ሰሞን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሰፈር ያደገ አንድ የሂሳብ መምህር፣ ከሥራ መልስ ለትልልቅ ሰዎች ፈረንሳይኛ ማስተማር ጀመረ። ሄጄ ተመዘገብኩ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ከተማሪዎቹ ውስጥ ጅቡቲ የተመላለሰ ሾፌር አለ፣ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው አለ፣ ወደ ቡናው ጫካ የሚመጡ ቱሪስቶችን ልምራ ብሎ የሚያስብም አለ። በዕድሜ የሁላችን ታናሽ ፍርድ ቤት ታይፒስት የነበረችው ልጅ ናት። ገና የሚጠባ ልጅ ነበራት፤ ለአማቷ እየተወችው ነበር የምትመጣው።

ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ መምህሩ «የፈረንሳይ ምሽት እናድርግ» አለን። ክፍሉን በሰማያዊ፣ በነጭና በቀይ ወረቀት አስጌጥነው። ሾፌሩ ክራቫት አሰረ። አንድ መዝሙር በቃላችን አጥንተን ነበር፤ ግማሹን ስንዘምር ግማሹ ጠፋን። ብርዝ ቀረበ፤ ማሩ የእኔ ነው። ከዚያ ዳቦው መጣ።

ዳቦው ለዚያ ቀን ሲባል ከዳቦ ቤት የታዘዘ ነው። ጋጋሪው ሊጡ ውስጥ አንድ ባቄላ ደብቆበታል፤ የቱ ጋ እንዳለ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የፈረንሳዮች ልማድ ነው አለን መምህሩ። ዳቦው ይቆረጣል። ከሰዎቹ ሁሉ ታናሽ የሆነው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ቆራጩ ቁራሹን እያነሳ «ይሄስ ለማን?» ሲል፣ ከሥር ያለው ሳያይ ስም ይጠራል። ባቄላው የወጣለት የዚያ ምሽት ንጉሥ ወይም ንግሥት ይሆናል። እኔ ነገሩን የወደድኩት ለዘውዱ አይደለም። የሚቆርጠው የሚሰጠውን አይመርጥም፤ የሚመርጠው የሚሰጠውን አያይም። በዚህ ዓይነት የተካፈለ ሰው ቅሬታ የለውም። በሕይወቴ ብዙ ማካፈል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

ታይፒስቷ እየሳቀች ጠረጴዛው ሥር ገባች። መምህሩ ቁራሹን አነሳ። «ይሄስ?» «ለእትዬ!» አለች ከሥር። ነከስኩት፤ ጥርሴን ጠጠር የመሰለ ነገር ነካው። ባቄላው ነው።

ዘውዱ ከካርቶን ተቆርጦ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተለበጠ ነው። መምህሩ ሊያመጣልኝ ሲነሳ አልጠበቅሁትም፤ ከጠረጴዛው አንስቼ ራሴው ደፋሁት። ብርዙን ስቀምስ ሁሉም «ንግሥቲቱ ጠጣች!» ብለው በፈረንሳይኛ ጮኹ። እልልታው ገና ሳይበርድ በሩ ተበረገደና ፖሊሶች ገቡ።

ጊዜው ከምርጫው ግርግር በኋላ ነው። ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ «ምን ስብሰባ ነው?» የሚባልበት። ዘውድ ደግሞ በእኛ አገር ተራ ነገር አይደለም። ካፋ ታቶ የሚባል የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ከተማረከ መቶ ዓመት ቢያልፍም ሽማግሌዎች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ሰው በመስኮት አይቶ «ንግሥት አንግሠዋል» ብሎ ነገራቸው። ያ በቃን። ሌሎቹን በማግስቱ ለቀቋቸው። የቀረነው መምህሩ፣ ታይፒስቷና እኔ ነን።

ሰሌኑ ላይ የነበረችው ሴት ከሺሺንዳ የመጣች ነጋዴ ናት። ታሪኩን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እኔ እኮ የሰው ጥርስ ሰብሬ ነው የገባሁት» አለች። «አንቱ ጥርስዎን ባቄላ ነክቶት ገቡ። እና ማን ቀድሞ የሚወጣ ይመስልዎታል?»

«ፍትሕ ካለ እኔ ነኝ።»

«ካለ!» ብላ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ከሰሌኑ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልን። «ንግሥት መሬት አትቀመጥም፤ ነይ በይ አንቺም፣ አራስ ነገር ነሽ።»

ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪው ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ዘውዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንዱ ጫፉ ታጥፏል። ጥግ ላይ ሌላ ፖሊስ ይጽፋል።

«ይሄን ያውቁታል?»

«ካርቶን ነው።»

«ማን ነው የጫነልዎት?»

«ማንም። ራሴ አንስቼ ራሴ ደፋሁት።»

«ኢንፎርሜሽን አለን፤ አያትዎ የታቶ ቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ።»

«አያቴ ለታቶ ፈረስ ሣር ያጭዱ ነበር። ፈረሱም አልነገሠ፣ እሳቸውም አልነገሡ።»

የሚጽፈው ሰው ጎንበስ ብሎ ሳል አስመሰለ። መርማሪው አልሳቀም።

«እማማ፣ ኬዙ ከእርስዎ ጋር አይደለም። መምህሩ ስብሰባውን በዳቦ ሸፍኖ ነው ያካሄደው። ባቄላው እርስዎ ጋ እንዲደርስ ያመቻቸው እሱ ነው። ይህቺን ብቻ ይበሉልኝና ቤትዎ ይግቡ።»

«ባቄላው የት እንዳለ እሱም አያውቅም። ስሜን የጠራችውም ጠረጴዛ ሥር ሆና ነው፤ ምኑን አመቻቸው?»

«እሷ ቀድሞ ተነግሯት ቢሆንስ?»

«አልተነገራትም።»

«እሱን እሷው ትነግረናለች» አለና በሩን አሳየኝ።

ያኔ ገባኝ። እኔን አይፈልጉኝም። ከጠረጴዛው ሥር የነበረችው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ «መምህሩ ነው የነገረኝ» ካለች መምህሩ አለቀለት። አይደለም ካለች ደግሞ እሷ አትወጣም።

ስመለስ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ካጠባች አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን አልፏል፤ ጡቷ አግቶ የቀሚሷ ጥልፍ እስከ ወገቧ ርሷል። ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል፤ ክፍሉ ሁሉ እሱን ይሸታል። ምን እንዳሉኝ ስነግራት ጆሮዋ ውጭ ነበር።

ከግቢው በር በኩል ሕፃን ያለቅሳል።

«የኔ ነው» አለች። «ድምፁን አውቀዋለሁ። አማቴ ይዛው መጥታለች።»

የሺሺንዳዋ ሴት በሩን በቡጢ ደበደበች። «አንተ! ሕፃኑን አስገባላት! ጠብቶ ይወጣል!»

«አልታዘዝኩም» አለ ዘበኛው ከውጭ።

«ለመጥባትም ትእዛዝ አለው? አንተን እናትህ በማን ፈቃድ አጠባችህ?»

የዘበኛው ጫማ ከበሩ ሲርቅ ተሰማ። ሕፃኑ ግን አልተወም። ያለቅሳል፣ ይደክመዋል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይጀምራል። በጀመረ ቁጥር የልጅቷ ቀሚስ እንደ አዲስ ይርሳል። እሷ አታለቅስም። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጭቃው ቀዳዳ ታያለች።

«እትዬ፣ ምን ልበል?» አለችኝ።

«ይሄማ ምን ያጠያይቃል?» አለች የሺሺንዳዋ ሴት። «የፈለጉትን ብለሽ ውጪ። መምህሩ ወንድ ነው፤ ይችለዋል። ያ ግን ሕፃን ነው።»

«መምህሩም ምንም አላደረገ» አልኳት ተቆጥቼ። «ባላደረገው ሊታሰር ነው? ሰው በሰው ይለወጣል እንዴ?»

«እሺ አንቱ ይፍረዱ። ዳቦ እንደማካፈል ቀላል ከሆነልዎት!»

ይህን ስትል ቀና ብዬ አየኋት። ፍርድ እወዳለሁ፤ ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲጣላ ሚዛን አስቀምጬ የምዳኝ እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን በአንድ በኩል የመምህሩን ዓመታት፣ በሌላ በኩል የሕፃኑን ለቅሶ አስቀምጬ ማየት አልሆነልኝም። ሚዛኑን የሠሩት እነሱ ናቸው። በእነሱ ሚዛን የሚመዘን ሁሉ ጎዶሎ ነው የሚወጣው።

ልጅቷን ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት።

«ዘውዱን ራሷ አንስታ ደፋችው በያቸው» አልኳት። «እውነት ነው፤ ሁሉም አይቷል። ንግሥት መሆን ያማራት አሮጊቷ ናት በይ። እኔን ስጪያቸው።»

«እርስዎንማ እንዴት?»

«የሚጠባ ልጅ የለኝም። ኮረሪማዬም አይበላሽም።»

«በዚያ አልለቅሽም ቢሉኝስ?»

ሕፃኑ እንደገና ጀመረ። እኔም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ያሰብኩበትን ነገር ያኔ ሳላስብ ተናገርኩት።

«ከዚያ ወዲያ የምትይውን እኔ አልሰማም» አልኳት። «አልጠይቅሽምም።»

ቁልፉ ተንኳኳ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ «ታይፒስቷ ትውጣ» አለ። ከኋላው ግቢው ውስጥ ወንዶች ቆመዋል፤ ፖሊሱም፣ ባለጉዳዩም። ልጅቷ ደረቷን ሸፍና ወደ በሩ ሄደችና ቆመች። የራሰ ቀሚሷን ይዛ በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ማለፍ አፈረች።

«ፍጠኚ» አለ ዘበኛው።

«ትጠብቃለህ» አልኩት።

ነጠላዬን አወለቅሁ። ደረቷ ላይ አዙሬ ከኋላ አጥብቄ አሰርኩላት፤ ጫፉን በትከሻዋ መለስኩት። ፀጉሯን በእጄ አበጠርኩላት። የሺሺንዳዋ ሴት ምራቋን እንትፍ ብላ በአውራ ጣቷ ከፊቷ ላይ የጭቃ እድፍ ጠረገችላት። ዘበኛው እስክንጨርስ ቆሞ ጠበቀ።

«አሁን ሂጂ» አልኳት። «ቀና ብለሽ።»

ቀና ብላ ሄደች።

እኛ ተቀምጠን ጆሯችንን ጣልን። ሕፃኑ ያለቅሳል። የሺሺንዳዋ ሴት እንኳ መቀለድ ትታለች። ቀዳዳው ላይ የነበረው ብርሃን ከግድግዳው ወርዶ ሰሌኑን ነካ፣ ሰሌኑንም አለፈ። ከዚያ ለቅሶው መሀል ላይ ተቆረጠ። እንደ ደከመው አልነበረም፤ ጡት አፉ ውስጥ እንደገባለት ልጅ ነው ዝም ያለው።

«ጠባ» አለች የሺሺንዳዋ ሴት።

ልጅቷ አልተመለሰችም። የሺሺንዳዋ ሴት በማግስቱ ተፈታች፤ እንዳለችውም ቀደመችኝ። እኔን ከሳምንታት በኋላ በዋስ ለቀቁኝ። መምህሩን ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱት፤ የተመለሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ሥራውን አልመለሱለትም። አሁን የሌላ ሰው ወፍጮ ቤት ይቆጣጠራል። ሳገኘው «ቦንዧር» እለዋለሁ። ዞር ዞር ብሎ ያይና «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ከአፉ ስትወጣ ዳግም ሰምቼ አላውቅም።

ልጅቷ እዚያ ቢሮ ውስጥ ምን እንዳለች አላውቅም። ከተማው ያውቃል፤ ወይም አውቃለሁ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ታቋርጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ እኔው ዞሬ ከፊቷ ቆምኩና ልጁን ከጀርባዋ ተቀብዬ ሳምኩት። ምን አልሽ አላልኳትም። «ሸጣዋለች እኮ፣ እንዴት ታናግሪያታለሽ?» የሚሉኝ አሉ። ያን ቀን እዚያ ክፍል ያልነበረ ሰው በዚህ ነገር ላይ ዳኛ እንዲሆን አልፈቅድም።

የሚጠየቅ ሰው የለም ማለቴ ግን አይደለም። መርማሪው መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ከሥራው ወጥቶ እዚሁ ከተማ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ማር ሊገዛ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። አላወቀኝም፤ ወይም ያላወቀ መሰለ።

«ያን ሕፃን በር ላይ ያስቆምከው ለምንድን ነው?» አልኩት።

የማሩን ዕቃ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ እንደ ድሮው በትሕትና፣ «እማማ፣ እሱ እኮ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ።

«ለማን?» አልኩት።