ቢጫ ጢስ ሲታይ

አቶ ኃይለየሱስን ያወቅኋቸው ከሱቄ በላይ ያለውን ክፍል ለቢሮ በተከራዩ ጊዜ ነው። እኔ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ዳር ወረቀት፣ ፖስታና ካርቦን እሸጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ «ትርጉምና ማመልከቻ ጽሕፈት» የሚል ሰሌዳ በረንዳው ላይ ሰቀሉ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ያለ ክራባት ከቤት የማይወጡ ሰው ነበሩ። እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው ፈረንጁ ሰባኪ ሲናገር አጠገቡ ቆመው የሚያስተረጉሙት እሳቸው ናቸው። የመድኃኒት ወረቀትም ይሁን የውጭ አገር ደብዳቤ፣ እንግሊዝኛ የከበደው የአራዳ ሰው ሁሉ ደረጃቸውን ይወጣል። «ይህን ቃል አላውቀውም» ሲሉ የሰማቸው አልነበረም።

አንዲት ታይፒስት ነበረቻቸው፤ ወይንሸት ትባላለች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነች፤ ከጊዮርጊስ በታች ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ዝምተኛ ብትሆንም ያልገባትን ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከገና በፊት ባለው ሳምንት፣ የአንድ የመርከብ ወኪል ሠራተኛ የሆነ ዘበነ የሚባል ሰው ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ይዞ መጣ። ምጽዋ ላይ ለሚደረገው የባሕር ኃይል በዓል የውጭ አገር የጦር መርከቦች ይመጣሉ፤ ከነሱ መካከል አንድ ባሕር ሰርጓጅ አለ፤ ከወደቡ ውጭ ልምምድ ያደርጋል። ወረቀቱ ለጀልባ ሰዎች የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነበር።

«ሰርጓጁ ከታች ሲሄድ አጥማጆቹ አያዩትም» አለ ዘበነ። «እሱም ከላዩ ትንሽ ጀልባ ትኑር አትኑር እርግጠኛ መሆን አይችልም። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ከውኃው ሥር ምልክት ይተኩሳል። ምልክቱ ወደ ላይ ይወጣና ባሕሩ ላይ ይጤሳል።»

ጢሱ ባለ ቀለም ነው። አረንጓዴ ከሆነ ለልምምድ ተኩሷል ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ሊወጣ ነው። ቀይ ከሆነ ችግር ገጥሞት በጥድፊያ እየወጣ ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም ሥር ጀልባዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ተጽፏል።

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ይሄዳል» አለ ዘበነ። «እዚያ ከእርስዎ አማርኛ ወደ ትግርኛና ወደ ዓረብኛ ይመልሱታል። እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ።»

አቶ ኃይለየሱስ ብዕራቸውን አነሱ። ከቢጫው ጢስ ሥር «ኪፕ ክሊር» የሚል ነበረ። ክሊር እሳቸው በሚያውቁት ጥርት ያለ፣ በግልጽ የሚታይ ማለት ነው። ትንሽ አመነቱ። መዝገበ ቃላቱ ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ነበር። ግን ሰውየው ዓይን ዓይናቸውን እያየ መዝገበ ቃላት መግለጥ ክብራቸውን የሚነካ መሰላቸው። እንዲህ ብለው ጻፉት፦ «ቢጫ ጢስ ሲታይ ጀልባዎች ሁሉ በግልጽ በሚታዩበት ቦታ ይቁሙ።»

ወይንሸት እየመታች እዚያ ስትደርስ እጇን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አነሳች።

«ጋሼ፣ ከታች የሚወጣ ነገር ካለ ለምን ይቆማሉ? አይሸሹም?»

ዘበነ ቀና አለ። አቶ ኃይለየሱስ ፊታቸው ቀላ።

«አንቺ የተቀጠርሽው ለመጻፍ ነው ወይስ ለመመራመር? የተሰጠሽን ምቺ!»

መታችው። ወረቀቱም ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጅቱ ሳትገባ፣ መዝገበ ቃላቱን አውርደው ገለጡት። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲሆኑ «ራቁ» ማለት ነበር። ይህን የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሲነግሩኝም ያኔ መዝገበ ቃላቱ ላይ እንዳደረጉት ሁሉ ጣታቸው ጠረጴዛዬ ላይ መስመር ያሰምር ነበር። የዘበነ ቢሮ ከኛ ሱቅ አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ኮታቸውን ለብሰው ደረጃውን ወረዱ፤ ደጄ ላይ ሰላም ብለውኝ አለፉ። ከዚያ አደባባዩ ጋ ደርሰው ተመለሱ።

«ምን ልበለው ሽኩር?» አሉኝ ያን ሲያስታውሱ። «ቃሉን አላውቀውም ነበር ልበለው? እሷ ጠይቃኝ እሷን ተቆጣሁ ልበለው? ምጽዋ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሞልቷል፣ አንዱ አይቶ ያርመዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።»

ልምምዱ እስኪደርስ ገና አሥራ አንድ ቀን ነበረው። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ ይላሉ። ነገ ሲመጣ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ የሚለው ጥያቄ ይጨመርበትና ይብስባቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ አለቀ።

ዘበነ ተመልሶ የመጣ ዕለት እኔ አንድ ጥቅል ወረቀት ላደርስላቸው ወጥቼ እዚያው ነበርኩ። ሰላምታም አልሰጠ።

«ሰው ተጎዳ» አለ። «ሦስት አጥማጆች አጠገባቸው ቢጫ ጢስ ወጣ። እንደተነገራቸው ሸራቸውን አውርደው፣ ጀልባው ላይ ቆመው፣ እንዲታዩ ብለው ጥምጣማቸውን ያውለበልባሉ። ሰርጓጁ ከጎናቸው ወጥቶ ጀልባዋን ገለበጣት። ሁለቱ ተርፈዋል። ሰላሀዲን የሚባለው ቀኝ እጁ በሰርጓጁና በጀልባዋ መካከል ገብቶ ደቀቀ። ሐኪም ቤት ከአንጓው ላይ ቆረጡት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «እንግሊዝኛው ራቁ ይላል። ይሄኛው ቁሙ ይላል። ከየት መጣ?»

አቶ ኃይለየሱስ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ስትመታው ተሳስታ ይሆናል» አሉ።

ወይንሸት ዞረች። «ጋሼ?» አለች። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ዘበነ ስሟን ጠይቆ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ከፊታቸው ገብቶኛል፤ ግን ምን አገባኝ ብዬ ወረቀቴን አስቀምጬ ወረድኩ። ይህችን የራሴን ዝምታ ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም።

ቅዳሜ ዕለት፣ ነገሩ እስኪበርድ ቤትሽ ቆዪ ብለው አሰናበቷት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አጠገቤ ስታልፍ እንደ ወትሮዋ «እንደምን አደርክ» አለችኝ። ላይ ወጥታ ደቂቃ ሳትቆይ ወረደች። ትታላቸው የሄደችው በገዛ እጃቸው የጻፉትን ረቂቅ ነበር። ያለቻቸውንም ነገሩኝ።

«ይሄን ከካርቦኖቹ ጋር ይዤው ሄጄ ነበር። ሰው እጅ እንዳይገባብዎ ብዬ ነው፤ እንኩ።»

አንድ ቀን ለዘበነ ብታሳየው ነጻ ትወጣ ነበር። አላሳየችም። አቶ ኃይለየሱስ ወረቀቱን ይዘው ብዙ ሰዓት እንደተቀመጡ፣ ምሳም እንዳልወጡ አውቃለሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባርኔጣቸውን እንኳ ረስተው ደረጃውን ወረዱ። በዚህ ጊዜ ከአደባባዩ አልተመለሱም።

ዘበነ ረቂቁን አነበበና መልሶ ዘረጋላቸው።

«አሁን ይሄን ለምን አመጡልኝ? ወረቀቱ ታርሟል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«የልጅቱ ስም ተጽፏል» አሉ። «ይፋቅልኝ። የኔ ይጻፍ። ቃሉን አላውቀውም ነበር። በማግስቱ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ።»

«በማግስቱ?» አለ ዘበነ። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በዚህ በር ላይ ሲያልፉ ኖረዋላ!»

«አዎ።»

ዘበነ ከዚያ ወዲህ አነጋግሯቸው አያውቅም። ልጅቱ ጥፋት እንደሌለባት የሚያስረዳ ደብዳቤ ግን ጻፈ። አቶ ኃይለየሱስ ራሳቸው ወስደው ለእናቷ ሰጡ፤ ወይንሸትን ወደ ሥራዋ እንድትመለስም ለመኗት። «ጋሼ፣ አልቀየምኩዎትም፤ እዚያ ክፍል ግን ቁጭ ማለት አልችልም» አለቻቸው። በኋላ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ገባች።

በየካቲት ወደ ምጽዋ ሄዱ። በአውቶቡስ አሥመራ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የሰላሀዲንን ቤት አብርሃ የሚባል የወደብ ሠራተኛ መርቶ አሳያቸው። ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ሲያስተረጉሙ የኖሩት ሰው እዚያ አፍ አልነበራቸውም፤ የሚሉትን ሁሉ አብርሃ ነበር የሚመልስላቸው።

ሰላሀዲን ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። አዳመጣቸው። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ቢጫው ምን ማለት ነበር ይላል» አለ አብርሃ።

«ራቁ።»

አብርሃ በነሱ ቋንቋ ነገረው። ሰውየው ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመውና አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ወንድሙ ዞሮ የሆነ ነገር አለ።

«ምን አለ?»

አብርሃ መናገሩን አልወደደውም። «ይህን ያህል አጭር ነው ወይ፣ አለ።»

ሻይ አቀረቡላቸው። መርገምም ምሕረትም ከወንድማማቾቹ አፍ አልወጣም፤ ጠጥተው እስኪነሱ ስለ መንገዱ ርቀት ጠየቋቸው እንጂ። አቶ ኃይለየሱስ ከእርግማን ይልቅ ያ ሻይ እንደከበዳቸው አጫውተውኛል።

ሲመለሱ ሰሌዳውን አወረዱ። በጸሎት ቤቱም ማስተርጎሙን ለሌላ ሰው ተዉ፤ ምክንያቱን ጉባኤው ፊት ቆመው ተናገሩ አሉ። ከዚያ ወዲህ የማታ ትምህርት ቤት ለጀማሪዎች ፊደል በማስቆጠር ነው የኖሩት። አልፎ አልፎ ሱቄ ብቅ ብለው ጋዜጣ ያነባሉ።

በሃምሳ ዘጠኝ ወይንሸት ስታገባ የጥሪ ወረቀቱን ለሳቸው እንዳደርስ ለኔ ሰጠችኝ። የሳቸውን ስም በገዛ እጇ ነበር የጻፈችው። ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። የሠርጉ ዕለት ክራባታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። አብረን እንሄዳለን ብዬ ሱቄን ልዘጋ ስል የሙሽሮቹ መኪናዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ከታች ብቅ አሉ። አቶ ኃይለየሱስ ከደጅ ወደ ውስጥ ሸሹ፤ ፖስታ ከደረደርኩበት መደርደሪያ ኋላ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይሂዱ እንጂ፣ እሷ ራሷ ናት የጠራችዎት!» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ሂድ፣ ሽኩር። እኔ ሱቁን እጠብቅልሃለሁ።»