ሽምግልና በተሰበረ ሞላ፦ ከጎንደር ደባርቅ

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ደባርቅ ከምታስተምር ሰላማዊት ከምትባል ልጅ ጋር ከተዋደደ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ቅዳሜ ለሽምግልና ወደ አባቷ ቤት የሄድነው ሦስት ነን፦ የንስሐ አባታችን መምሬ ይግዛው፣ በልጅነቴ አማርኛ ያስተማሩኝ ጋሽ አለሙ፣ እኔ ደግሞ ታላቅ ወንድምም ሹፌርም ሆኜ። አባትየው አቶ ደሳለኝ በሰዓት ቀልድ አያውቁም። ለታላቂቱ ልጃቸው የተላኩ ሽማግሌዎች ግማሽ ሰዓት አርፍደው ቢደርሱ ከበር መልሰዋቸዋል ይባላል። ለእኔም በስልክ "አራት ሰዓት" አሉኝ። ትንሽ ቆዩና "የጠዋቱ" ብለው ዘጉት።

12 ሰዓት ከሩብ፣ ጎንደር

መኪናዬ ነጭ፣ ትንሽና ነዳጅ ቆጣቢ ናት፤ ከተገዛች ሰባት ወሯ ነው። በአራተኛው ወር ከፊት በስተቀኝ "ቋ ቋ" ማለት ጀመረች። ሦስት ጊዜ ወደ ሻጮቹ ወሰድኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠኝ መልስ "መንገዱ ነው" የሚል ነበር። ያለ መንገድ የሚነዳት ማን እንደሆነ ብጠይቅ ዋስትናው ይህን አይሸፍንም አሉኝ።

መምሬ ይግዛው ግዙፍ ሰው ናቸው። በክብር ከፊት አስቀመጥኳቸውና መኪናዋ በቀኝ ትከሻዋ ዘመም አለች። ቀጭኑ ጋሽ አለሙ ከኋላ ሆነው "ልጄ፣ ይቺ መኪና ቆማ ነው ወይስ እየሰገደች?" አሉኝ። መምሬ ቀበቶውን ለማሰር እየታገሉ ስለነበር አልሰሙም።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ያዝን። ኮሶዬ ላይ ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሳ መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል፤ መስኮት ከፍተን ብርዱ ሲገባ መልሰን ዘጋን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መምሬ ዳዊታቸውን አጋምሰው ነበር። በጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ቃሉን ግን አይስቱም።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ዳባት

ዳባት ላይ ትኩስ የሽሮ ፍርፍር በላን፤ ሻይም ደገምን። ሰዓታችን ሙሉ ነው፤ ደባርቅ ቅርብ ነው፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ጋሽ አለሙ የንግግሩን ቅደም ተከተል አስጠኑን። መምሬ ይከፍታሉ፣ እርሳቸው ዘሩን ይቆጥራሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ።

ከዳባት ወጥተን ብዙ ሳንርቅ፣ ገብስ የጫኑ አህዮች ወደ ገበያ ሲሻገሩ ፍሬን ያዝኩ። አስፋልቱ እዚያ ላይ ተበልቷል። ቀኙ ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና "ጧ!" አለ። መኪናዋ በአንድ ጉልበቷ እንደ ተንበረከከች ቀረች።

"ተኩስ ነው?" አሉ ጋሽ አለሙ።

"ሞላ ነው" አልኩ። የጎማውን ክብደት የሚሸከመው ጥምዝ ብረት ለሁለት ተሰብሮ ስብርባሪው ከጎማው ጋር ተነካክቷል። አጠገቡ ያለው፣ መንጠሩን የሚያበርደው አሞርዛተር ዘይቱን አስፋልቱ ላይ ተፍቶታል። ሰባት ወር! በዚያ ዕድሜ የሰው ልጅ እንኳ ገና ጥርሱን ያበቅላል እንጂ አይሰበርም። ጎማውን በእግሬ መታሁት፤ የተጎዳው ግን አውራ ጣቴ ነው። መምሬ ስላዩኝ መሳደብም አልቻልኩ።

ለአቶ ደሳለኝ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም። ዳባት ቁርስ የበላንበት ቤት ደውዬ መካኒክ ላኩልኝ አልኳቸው። ሙላቱ የሚባል ጎልማሳ በሞተር ሳይክል መጣ። ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አነሳና ሥሯ ተኝቶ መሳቅ ጀመረ።

"ምን ያስቅሃል?" አልኩት ተቆጥቼ።

"ይቅርታ ወንድሜ። የዚህችን ዓይነት ሳይ ሦስተኛዬ ነው። ሁሉም በዚችው ጎን፣ በዚችው ቦታ። ዕቃው ከጎንደር ካልመጣ የለም።"

"ደባርቅ የሚያደርሰን ነገር የለህም? ሽማግሌዎች ነን፤ አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን።"

ሙላቱ ሰዓቱን አየ። ሦስት ተኩል ሆኗል። ሳቁን ተወና ተነሳ። ሞተሩን አስነስቶ ተመልሶ ሄደ፤ የከባድ መኪና አሮጌ ጎማ ይዞ መጣ። ጎማውን እየቆረጠ በተሰበረው ሞላ መሃል ወተፈው፣ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ሲጨርስ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በዝግታ "የፊቱ ወንበር ላይ ቀለል ያለ ሰው ይሁን" አለኝ።

ሁለታችንም ወደ መምሬ አየን። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ከልጅነቴ ጀምሮ ኃጢአቴን ለሰሙ ሰው ክብደታቸውን መንገር አፈርኩ። ሙላቱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ቀረባቸው።

"አባ፣ ከኋላ በግራ በኩል ቢሆኑልን፣ ከሹፌሩ ጀርባ። ጸሎትዎ ለእሱ ቀረብ ይላል።"

መምሬ በእጃቸው ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። "ጸሎቴ ነው ሆዴ?" አሉት።

"ሁለቱም አባ" አለ ሙላቱ፤ እሳቸው ራሳቸው ከሁላችንም በላይ ሳቁ።

6 ሰዓት ከሩብ፣ ደባርቅ

ወቅንን ያለፍነው እንደ እርሻ በሬ እየተራመድን ነው። አንድ ባጃጅ አልፎን ሄደ፤ ቀጥሎ ድንች የጫነ አይሱዙ፤ ቀጥሎ ብስክሌት። ከአሁን በኋላ ምንም መንጠር የለም፤ ጠጠር በረገጥን ቁጥር ጥርሳችን ይጋጫል። ወንድሜ "ገባችሁ?" ብሎ ሲጽፍልኝ ልመልስለት አልደፈርኩም። ከሁለት ሰዓት በላይ አርፍደናል። የልጁ ትዳር በእኔ መኪና ምክንያት ከበር ሊመለስ ነው።

አቶ ደሳለኝ በራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። መምሬ ገና ከመውረዳቸው ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሰውዬው እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ዓይናቸው እኛ ላይ አልነበረም። ወደ መኪናዋ ሄዱ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ከቀኝ ጎማው በላይ አጎንብሰው አዩ።

"ስንት ወሯ ነው?"

"ሰባት" አልኩ።

"የእኔ በስድስት ነው!" አሉ። ያንን ያህል የተጎዳ ድምፅ ከለቅሶ ቤት ውጭ ሰምቼ አላውቅም።

እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሸራውን ሲገልጡት የእኔኑ ዓይነት ነጭ መኪና በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ቆማለች።

"ምን አሉህ?" አሉኝ።

"መንገዱ ነው አሉኝ።"

"መንገዱ ነው!" ብለው ጮኹ፤ ቤት ያሉት ዘመዶች ጠብ መስሏቸው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ስለ ሞላ ነው። ጠላ ተቀዳ፣ የበግ ጥብስ ቀረበ፣ አቶ ደሳለኝ ለሻጮቹ የጻፏቸውን ሦስት ደብዳቤዎች እየቆሙ አነበቡልን። ጋሽ አለሙ መታገሥ አቅቷቸው "ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ባለቤቱና ግሱ አልተስማሙም" አሉ። አበቃልን አልኩ። ሰውዬው ግን እስክሪብቶ አምጥተው ሰጧቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው በእኔም ስም አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ያዙ። ወንድሜ "እሺ አሉ?" ብሎ ሲጽፍልኝ "ገና መኪና ላይ ነን" አልኩት። ምን እንደ ገባው እንጃ።

ሰላማዊት የእጅ ውኃ ስታስታጥበኝ ዝቅ ብላ "ጋሼ፣ እባካችሁ የመጣችሁበትን አትርሱ" አለችኝ። ለመምሬ በክርኔ ምልክት ሰጠኋቸው። ተነሱ። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ፤ ባማረ፣ ረጋ ባለ ቃል።

አቶ ደሳለኝ የቀድሞ ፊታቸውን መልሰው አጠለቁ።

"ልጁ መኪና አለው?" ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ አለሙ አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። "የለውም፤ በእግሩ ነው የሚሄደው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉና ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ። "ቢያንስ አንድ ጤነኛ ልጅ ቤቴ ይገባል።"

በደንቡ መልሱ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንዲነገረን ተቀጠርን። ሲሸኙን ግን ጆሮዬ ላይ "የሠርጉን ቀን በልቤ ቆርጬዋለሁ፤ ሐሳብ አይግባችሁ" አሉኝ።

11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

መኪናዬን ከእሳቸው መኪና አጠገብ፣ እዚያው ሸራ ሥር አቁሜ በሚኒባስ ተመለስን። መምሬ ሁለት ወንበር ላይ ተኝተው፣ ጋሽ አለሙ የደብዳቤውን መዝጊያ እያሻሻሉ።

ዳዊት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። የምሥራቹን ስነግረው አቅፎ አነሳኝ፤ ካወረደኝ በኋላ ነው ዙሪያውን ያየው።

"መኪናህስ?"

"አማትህ ቤት ትቻታለሁ።"

ደነገጠ። "ጥሎሽ መስሏቸው እንዳያስቀሯት!"

"ቢያስቀሯት ደስታዬ ነው" አልኩት።

ቤቴ ገብቼ ስተኛ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። እነዚህን ወራት ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። መንዳት አላውቅም፣ መግዛትም አላውቅም እያልኩ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ደባርቅ ውስጥ ደግሞ አንድ ኮስታራ ሰው በዚያው ምክንያት ለብቻው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ሰኞ ሥራ ቦታዬ ገብቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መኪናዬ እንዴት እንደ ተሰበረች ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሒሳብ ሠራተኛችን ብድግ አለች። "በስንት ወሯ?" አለችኝ።