ካሮት የሚቆረጥሙት ሥጋ ሻጭ

በጀጎል ሥጋ ገበያ ጭልፊቶች ከሰማይ ተወርውረው ከሰው እጅ ይነጥቃሉ። ከእኚህ ሽማግሌ ሥጋ ሻጭ መዳፍ ግን እንደ ቤት ዶሮ ቀስ ብለው ነው የሚወስዱት። ቀትር ሲሆን ቢላዋቸውን ይወለውሉና ከኪሳቸው ጥሬ ካሮት አውጥተው ይቆረጥማሉ፤ አጠገባቸው የግመል ሽንጥ ተሰቅሎ! ጎረቤቶቻቸው እንደነገሩኝ መጀመሪያ የተዉት የግመሉን ሥጋ ነው፤ ከዚያ ጉበት፣ ከዚያ መረቅ፣ ዘንድሮ ደግሞ ቅቤውን። ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሎሚ ያሻሉ፤ የሥራ ሸሚዛቸውን እዚያው ሰቅለው ንጹሑን ይለብሳሉ። ሁልጊዜ ቆሜ አያቸዋለሁ።

ትናንት ግን አላስቻለኝም። «ሐኪም ከልክሎዎት ነው?» አልኳቸው፣ አንድ ኪሎ ሥጋ እያስመዘንኩ።

«እኔን? አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነኝ። ባለቤቴን ነው አንድ በአንድ የከለከሏት።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ተዉት?»

ሚዛኑን ለቀው ቀና አሉ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

«አርባ ዓመት ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን፣ ልጄ። ዛሬ ሁለት ሳህን ይቅረብ ነው የምትለኝ?»