ጥጃ የሆንኩበት ክረምት

እኔን ላም ልጄ ብላ ልሳኛለች። በሕፃንነቴ አይደለም፤ ጢም አብቅዬ፣ ሚስት አግብቼ ነው። ጎንደር ገበያ ወርጄ ጠላ ቤት ይሄን ባወራሁ ቁጥር ሰው ዋንጫውን አስቀምጦ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም።

ያኔ ጣልያን ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። የምንኖረው ከመካነ ብርሃን በላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ደጋ ነው። ያለችን ከብት ሚስቴ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣቻት አንዲት ላም ነበረች። እሷም በክረምት ወለደችና ሞተች። ጥጃዋ ብቻ ቀረችን፤ እሷም ከሞተች በረታችን ባዶ ሊሆን ነው። ሚስቴ ጣልያን ጥሎት በሄደ የወይን ጠርሙስ አፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ የገብስ አጥሚት ልታጠባት ሞከረች። ጥጃዋ አጥሚቱን ተፋችው። እግሯም ከዳት።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የሽማግሌው ላም ጥጃ ሞተባት። ጡቷ በወተት ተወጥሯል፤ ግን ጥጃ ካላየች ጠብታ አትሰጥም። እንደ ወጉ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጨው ነስንሰን አቀረብንላት፤ አሽትታ ጥላው ሄደች። ቆዳውን ለኛዋ ጥጃ አልብሰን ብንሞክር፣ ጥጃዋ መቆም አቅቷት ወደቀች፣ ቆዳውም ተንሸራተተ። ላሚቷ የሰው ቤት ጥጃ መሆኗን ስታውቅ በግንባሯ ገፍታ ከበረቱ የድንጋይ ካብ ጋር አላተመቻት። ሁለተኛ ብናቀርባት ትገድላታለች። ላሚቷ ወጊ ናት፤ አንዱን ጎረምሳ ጭኑን ወግታው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ሽማግሌው ቆዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«የሚንቀሳቀስ ጥጃ ነው የምትፈልገው» አሉ።

«አያ፣ እኔ እኮ ሰው ነኝ።»

«እሱን ማን አየብህ?»

ሚስቴ ጥጃዋን አቅፋ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልፈራም እያልኩ መንደሩን ሁሉ ያደነቆርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

በእጄና በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ቆዳውን ከራሴ እስከ ወገቤ ጣሉብኝ፤ እርጥብ ነው፣ ይከረፋል። ከኮቴዋ በቀር የሚታየኝ የለም። ኮቴዋ መጣ፣ መጣ፣ አጠገቤ ቆመ። ትንፋሿ አንገቴን አሞቀው። የቀንዷ ጫፍ ጆሮዬን ነካኝ። ያን ጊዜ መላ አካላቴ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ኋላ ሲነግሩኝ፣ ላሚቷን ያሳመናት እሱ ነው፤ አዲስ የተወለደ ጥጃ እንዲያ ይንቀጠቀጣላ። እንግዲህ ፍርሃቴ ሸጋ ፍርሃት ነበር።

መላስ ጀመረች። የላም ምላስ ሞረድ ነው። ሽማግሌው ከጎኗ ቁጢጥ ብለው፣ ጮጯቸውን ጉልበታቸው መሀል ይዘው ማለብ ጀመሩ። የወተቱን ድምፅ ሰማሁ።

ይሄኔ የሽማግሌው ውሻ የቆዳው ሽታ ስቦት ከተፍ አለ። ላሚቷ አጓርታ ከላዬ ቆመች፤ ቀንዷ ወደ ውሻው፣ ኮቴዋ ከጣቶቼ አጠገብ። ወተቱም ተቋረጠ። ተነስቼ ልሮጥ ስል ሽማግሌው በቀስታ፣

«እንዳትነሳ። ሰው ከሆንክ ትወጋሃለች» አሉኝ።

ሰው አልሆንኩም። ሚስቴ ውሻውን በድንጋይ እስክታባርረው ድረስ መሬቱን ጨብጬ ቀረሁ። ሳላስበው ከሆዴ «እምቧ» የሚል ወጣ። ላሚቷ ረጋ ብላ መለሰችልኝ፤ ጎንበስ ብላም ላሰችኝ። ወተቱ እንደገና ተንዠቀዠቀ።

ሚስቴ ትኩሱን በጠርሙሱ ሞልታ ለጥጃዋ አፏ ላይ አደረገችላት። ጥጃዋም ጨርቁን ያዘችው። ሳበች። ከዚያ ጭራዋ ተወዛወዘ፣ ሚስቴም አለቀሰች። እኔ ገና ጆሮዬ መኖሩን እየዳሰስኩ ነበር።

ጥጃዋ ሣር መንጨት እስክትጀምር ጧት ጧት ጥጃ ሆንኩ። ለመደው እንዳትሉ፤ በመጨረሻው ቀንም እንደ መጀመሪያው ነው የተንቀጠቀጥኩት። ዛሬ በረቴን የሞሉት ላሞች ሁሉ የሷ ዘር ናቸው።

ውሸት ነው የምትሉ፣ ምነው ከዚህ ሆናችሁ ትስቃላችሁ? መካነ ብርሃን ውጡ። ሽማግሌው አሉ፣ ሚስቴም አለች፤ ጠይቋቸው። እነሱንም ካላመናችሁ ወጊዋ ላም አርጅታ አለች። አጠገቧ ሄዳችሁ ተንበርከኩና እሷኑ ጠይቋት።