የሰርካዲስ ድምፅ

የትምወርቅ ከደሴ መቐለ የመጣችው ታናሽ እህቷን ሰርካዲስን አስከትላ ነው። ቀን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ፤ ማታ እዚያው ከባንዱ ጋር ይዘፍናሉ። የትምወርቅ ታወጣለች፣ ሰርካዲስ ትቀበላለች። የትምወርቅ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ከሆዷ ነው የሚወጣው። ኪቦርድ የሚጫወተው ገብረዝጊ፣ «ይሄ እኮ ሶል ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን የሚዘፍኑት» ይላታል።

«ሂድ ወዲያ፣ የወሎ ነው» ትለዋለች።

በ1985 አንድ ካሴት አወጡ። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሙዚቃ ቤት የነበረው የአገራቸው ልጅ ዛሂድ እያባዛ ሸጠላቸው። የጭነት ሹፌሮች ወደዱት። ሁለተኛ ካሴት ግን አልተከተለም። ሰርካዲስ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ጡት ሳይጥል ታማ ሞተች።

የትምወርቅ የእህቷን ሞት የዘፈኗ ቅጣት አድርጋ ቈጠረችው። ጠበል ገብታ ከረመች፤ ስትወጣ ዳግመኛ ላትዘፍን ተሳለች። በዚህም አላበቃችም። ቤት ለቤት እየዞረች ካሴቷን ለምና ሰበሰበች፣ ዋናውን ቅጂ ሳይቀር ከዛሂድ ተቀበለች፣ ግቢዋ ውስጥ ከምራ ክብሪት ለኮሰችበት። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ልቧን ቀለላት፤ ኃጢአቴን አቃጠልኩ ብላ አምላኳን አመሰገነች። እህቷም እዚያ ውስጥ እንዳለች ያን ቀን አላሰበችም።

ልጁን ኤልሳዕን እሷው አሳደገችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለወግ ለማዕረግ ደረሰ። በ2011፣ ሠርጉ ለጥር ተቈርጦ ሳለ፣ ምሳ እየበሉ፣ «አክስቴ፣ የእማዬ ድምፅ ምን ይመስል ነበር?» አላት።

ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ዛሂድ ዘንድ ሄደች። አሁን የሞባይል ሽፋን ነው የሚሸጠው።

«ዛሂዶ፣ አንድ እንኳ አልቀረም?»

«እንዴ የትምዬ! የሰይጣን ነው ብለሽ ሙልጭ አድርገሽ ወስደሽብኝ!» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው። «አንድ ደብቄብሽ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እወደው ነበር። ቴፑ ሲበላሽብኝ ለገብረሃንስ ሰጠሁት። ያ የድሮ ሹፌር፤ አሁን ውቅሮ መንገድ ላይ ያርሳል።»

ከኤልሳዕ ጋር ሄዱ። ገብረሃንስ ገና ሲያያት፣ «ወይ ጉድ! ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንቺ ነሽ?» እያለ በሁለት እጁ ጨበጣት። ካሴቱን ስትጠይቀው ቤት ገብቶ ይዞላት መጣ። ሽፋኑ ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው ይስቃሉ። ኤልሳዕ ተቀብሎ ከፈተው። ካሴቱ አለ፤ ክሩ የለም።

«ክሩማ ያውልህ» አለ ገብረሃንስ በኩራት፣ ወደ ማሽላው እያሳየ። «ቴፕ የለኝ፣ ምን ላድርገው? ለወፍ ማባረሪያ ዘረጋሁት። ነፋስ ሲመታው እኮ ይጮኻል!»

ጥቁሩ ክር ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ፣ ፀሐይና ዝናብ ልጦት ይርገበገባል። ኤልሳዕ ጠጋ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። እዝዝ ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

«በቃ፣ አንቺው ዝፈኚልኝ» አላት ሲመለስ።

«ስለት አለብኝ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

አማተበችና አወጣች። ድምጿ ሰልሏል፣ ግን መጣ። ሰርካዲስ የምትቀበልበት ላይ ስትደርስ የእህቷን ዜማ ፈለገች፤ አፏ የሚያውቀው የራሷን ብቻ ነው። የእህቷ ተራ እስኪያልፍ ጠበቀች። ኤልሳዕም ጠበቀ። ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ፤ ገብረሃንስ «እሽ! እሽ!» እያለ ሄደባቸው።